ብጉሩ ለቆ ጠባሳው ለቀረባችሁ

በዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል የብጉር ጠባሳን የሚመለከቱትን አንድ ላይ ሰብስበናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ መልሱን ያዘጋጁት የአምዱ የቆዳ ሐኪሞች ናቸው።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ተማሪ ነኝ። ብጉሬ ከቆመ ስምንት ወር ሊሆነው ነው፤ ግን ፊቴ ላይ በየቦታው ጥቁር ነጥብ ትቶብኛል። ጓደኞቼ ሎሚ በማር ተቀቢ ይሉኛል፣ አክስቴ ደግሞ ሌዘር ብትሠሪ ይጠፋል ትላለች። የቱ ይሻለኛል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሁለቱም ይቅሩብሽ። መጀመሪያ ያለሽ ነገር ጠባሳ መሆን አለመሆኑን እንለይ። ማታ መብራት አጥፊና መስተዋት ፊት ቁሚ፤ የስልክሽን ባትሪ ከጆሮሽ በኩል ወደ ጉንጭሽ አግድም አብሪው። ጉድጓድ ካለ ጥላ ይጥላል። ጥላ ከሌለ፣ በጣትሽ ስትዳብሺውም ልሙጥ ከሆነ፣ ያ ጠባሳ አይደለም። ብጉሩ ያስቆጣው ቆዳ ያለ ልክ ያመረተው ቀለም ነው። ጠይምና ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ከብጉሩ ይልቅ የሚማረሩት በዚህ ነው። ደግነቱ ይለቃል፤ ክፋቱ አይቸኩልም። ቡናማው ላይ ላዩን ያለ ስለሆነ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ይፈጅበታል። ወደ ግራጫ የሚያደላው ግን ጠለቅ ብሎ የተቀመጠ ነውና ከዚያም በላይ ይቆያል።

ማፍጠን ይቻላል። ማታ በለስላሳ ማጽጃ ታጠቢና ፊትሽ በደንብ እስኪደርቅ ጠብቂ። ከዚያ አዳፓሊን የሚባለውን የብጉር ቅባት፣ 0.1 በመቶውን፣ የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ፣ ለመላ ፊትሽ አዳርሺው፤ ነጥቡ ላይ ብቻ አትለጥፊው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሦስት ቀን አንዴ፣ ቀጥሎ አንድ ቀን እያለፍሽ፣ ቆዳሽ ሲለምደው በየማታው ይሁን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ይፍጠንልኝ ብሎ ከመጀመሪያው ቀን አብዝቶ ይቀባል፣ ፊቱ ይላጣል፣ ይቆጣል፤ የተቆጣው ቆዳ ደግሞ መልሶ ይጠቁራል። ጠዋት ጠዋት አዜሌይክ አሲድ የሚባለውን ቅባት፣ 15 ወይም 20 በመቶውን፣ መጨመር ይቻላል፤ መጀመሪያ አካባቢ ትንሽ ይለበልባል፣ ከዚያ ይተዋል። (ነፍሰ ጡር የሆኑ አንባቢዎች አዳፓሊኑን ይተዉት፤ አዜሌይክ አሲዱን መጠቀም ይችላሉ።)

ፀሐይ ካልተጠበቀ ግን ይህ ሁሉ ከንቱ ልፋት ነው። ሐዋሳ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ትበልጣለች። በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ አያዘናጋሽ። የፀሐይ መከላከያ ቅባቱ ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ ይሁን። መጠኑ በአመልካችና በመሐል ጣትሽ ላይ ከሥር እስከ ጫፍ የተዘረጋ ሁለት መስመር ነው፤ ለፊትና ለአንገት ይበቃል። ውጭ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ከተገኘ ቡናማ ቀለም ያለውን ምረጪ፤ ቀለሙን የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ተራውን የሚታይ ብርሃንም ያግዳል፣ ጠይም ቆዳን ደግሞ ያም ብርሃን ያጠቁረዋል። ጃንጥላ ይዘው የሚወጡ እናቶች ላይ የሚስቅ ሰው ስለ ቆዳ አያውቅም።

ሎሚውን በተመለከተ፣ ጭማቂው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ካገኘው ያቃጥላል፤ የተቃጠለው ቦታ ለወራት ይጠቁራል። ሌዘርም ሙቀት ነውና ለዚህ ዓይነቱ ምልክት የመጀመሪያ ምርጫ አይሆንም። አንድ ነገር እንጨምር፦ አዲስ ነጥብ እየተጨመረ ከሆነ ብጉሩ አልቆመም ማለት ነው። በተለይ ግንባርሽ ላይ ከሆነ፣ ጸጉርሽን የምትቀቢውን ቅቤና ቅባት ጠርጥሪ፤ እየቀለጠ ወርዶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል።

ጥያቄ፦ የ28 ዓመት ሴት ነኝ። ጉንጮቼ ጉድጓድ ጉድጓድ ናቸው። አንድ ቦታ ስድስት ዙር ሌዘር ያስፈልግሻል፣ ሙሉውን ቅድሚያ ክፈዪ አሉኝ። ሌላ ቦታ ማይክሮኒድሊንግ (ቆዳን በደቃቅ መርፌዎች መውጋት) ይበቃሻል ተባልኩ። ማንን ልመን? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ጉድጓዶቹን ሳይዳብስ ዋጋ የተናገረውን ማንንም አይመኑ። የብጉር ጉድጓድ ሦስት ዓይነት ነው፤ አንዱን የሚያድነው ሌላውን አይነካውም።

የመጀመሪያው በመርፌ የተወጋ ይመስላል፤ አፉ ከ2 ሚሊሜትር አይሰፋም፣ ወደ ውስጥ ግን ይጠልቃል። ሁለተኛው ከ1.5 እስከ 4 ሚሊሜትር የሚሰፋ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ፣ የፈንጣጣ ጠባሳ የሚመስል ነው። ሦስተኛው ጠርዝ የለውም። ሰፊ ነው፣ ፊትን ረባዳ መሬት ያስመስለዋል። ቆዳውን በሁለት ጣት ወጠር ሲያደርጉት የሚጠፋ ከሆነ ይህኛው ነው። አብዛኛው ሰው ሦስቱም ተቀላቅለው ያሉበት ስለሆነ ሐኪሙ በየጉድጓዱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ቢያደርግ አይግረምዎት፤ ሥራውን የሚያውቅ እንዲያ ነው የሚጀምረው።

ከሦስተኛው እንነሳ፤ በብዛት በስህተት የሚታከመው እሱ ነውና። በክር የተወጋ የጥጥ ፍራሽ የሚሰረጉደው ክሩ ከሥር ስለያዘው ነው። እዚህም ከቆዳው ሥር የበቀለ የጠባሳ ክር ቆዳውን ወደ ታች ስቦ ይዞታል፤ ላይ ላዩን ሌዘር ቢተኮስ ክሩ አይበጠስም። የሚበጥሰው ሰብሲዥን የሚባለው ሕክምና ነው። ቦታው በሊዶካይንና በአድሬናሊን ይደነዝዛል። ቀጥሎ ቁጥር 18 መርፌ ወይም ጫፉ ደብዛዛ የሆነ ቀጭን ቱቦ በአንድ ቀዳዳ ይገባና ከቆዳው ሥር እንደ ማራገቢያ ወዲያና ወዲህ ይነዳል። ክሩ ሲበጠስ ጨርቅ የመቀደድ ዓይነት ድምፅ ይሰማል፤ አይደንግጡ። ፊትዎ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበልዛል። ከ4 እስከ 8 ሳምንት እያረፉ መደገም የተለመደ ነው። አደጋው ያለው የፊት ነርቭ ከላይ በሚያልፍበት በጆሮ ግንድና በመንጋጋ ጠርዝ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ የውበት ሳሎን ሥራ አይደለም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አስቀድመው ይናገሩ፤ ለልብ የታዘዘልዎትን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ለጠባቡና ለጥልቁ ጉድጓድ የሚሠራው በአጭሩ ቲሲኤ የሚባለው አሲድ ነው፤ ከ70 እስከ 100 በመቶ የሆነ። ሐኪሙ ጫፉ የሾለ ስቴክኒ አሲዱ ውስጥ ነክሮ፣ ትርፉን ጠርጎ፣ የጉድጓዱ ወለል ላይ ብቻ ይጫነዋል። በሰከንዶች ውስጥ ቦታው አመዳይ እንደመታው ሣር ይነጣል። ከዚያ ቅርፊት ይይዛል፤ ቅርፊቱ በሳምንት ገደማ ራሱ ይወድቃል። በጥፍር ካነሱት ጉድጓዱ ይሰፋል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ልዩነት፣ ከሦስት እስከ ስድስት ዙር ይወስዳል። ሥራው የሚበላሸው አሲዱ ከጉድጓዱ ከንፈር ሲፈስ ነው፤ ጤነኛውን ቆዳ አቃጥሎ በዙሪያው ጥቁር ቀለበት ያስቀራል። በጠይም ቆዳ ላይ ይህን በመፍራት ከ50 በመቶ የሚጀምሩ ሐኪሞች አሉ፤ አይሳሳቱም። በአሲድ የማይሞላ ጥልቅ ጉድጓድ ደግሞ በትንሽ ክብ መቁረጫ ይወጣና በአንድ ስፌት ይዘጋል፤ ስፌቱ በሳምንት ውስጥ ይፈታል።

ማይክሮኒድሊንግም ሌዘርም የሚጠቅሙት ይህ ካለቀ በኋላ፣ ለመካከለኛውና ጥልቀት ለሌለው ጉድጓድ ነው። ማይክሮኒድሊንግ ላይ ማደንዘዣው ክሬም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይቀመጣል፤ መርፌዎቹ ከ1.5 እስከ 2.5 ሚሊሜትር ገብተው ነጠብጣብ ደም ያወጣሉ። ሙቀት ስለሌለው ለጠይም ቆዳ ከሌዘር ያነሰ ስጋት አለው። በወር አንዴ፣ ከሦስት እስከ ስድስት ጊዜ ይሠራል። ኮላጅን (ቆዳን የሚያጠነክረው ፕሮቲን) ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ውጤቱን ከመጨረሻው ዙር በኋላ ሦስት ወር ሳይጠብቁ አይፍረዱ።

ሌዘሩን በደፈናው አንቃወምም። ነገር ግን የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ውሃን አሙቆ ቆዳን የሚያተን ነው፤ የተረፈው ሙቀት ቀለም አምራች ሕዋሳትን ይቀሰቅስና ጉድጓዱ ሲሻለው ፊት ይጠቁራል። ለነጭ ቆዳ በተጻፈ መመሪያ ጠይም ፊት ላይ መተኮስ ይህንኑ ያመጣል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ጨረሩ በነጥብ ነጥብ የሚከፋፈል ዓይነት ነው ወይ? ነጥቦቹን አራርቀው ይሠሩልኛል ወይ? ጆሮዬ ሥር ትንሽ ቦታ ላይ ሞክረው ከአራት እስከ ስምንት ሳምንት ልናይ እንችላለን ወይ? ለሦስተኛው ጥያቄ «አያስፈልግም» ካሉዎት ቦርሳዎን ይዘው ይውጡ። መርፌን ከሬዲዮ ሞገድ ጋር ያጣመረው መሣሪያ ሙቀቱን ከላይኛው ሽፋን በታች ስለሚለቅ ከዚህ ሌዘር ይልቅ ለእኛ ቆዳ ይመቻል።

ቅድሚያ ስለመክፈሉ፦ ከሁለት ዙር በኋላ ቆዳዎ እንዴት እንደመለሰ ሳይታይ ስድስተኛውን የሚያስከፍል የሕክምና ምክንያት የለም። ጠባሳው በግማሽ ከቀነሰ ጥሩ ውጤት ነው፤ «ሙሉ በሙሉ እናጠፋለን» የሚል ማስታወቂያ ውሸት ነው። የመጀመሪያ ምክር ብቻ ከፈለጉ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል የቆዳ ስፔሻሊስቶች አሉት፤ የሚሸጡልዎት ፓኬጅ የሌላቸው ሐኪሞች ጉድጓዱን አይተው ዓይነቱን ቢነግሩዎት ሌላ ቦታ ሲሄዱም ይጠቅምዎታል።

ጥያቄ፦ በኦንላይን መርፌ ያለው ሮለር ገዛሁ፤ 1.5 ሚሊሜትር ነው። ከባለቤቴ ጋር ተራ በተራ ብንጠቀምበትስ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ በፍጹም። ደም የነካ መርፌ በአልኮል ቢነከርም ለሁለት ሰው አይሆንም፤ ሄፓታይተስ ቢም ሲም ኤችአይቪም በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ በአንድ የውበት ቤት የራሳቸውን ደም በማይክሮኒድሊንግ ፊታቸው ላይ ያስደረጉ ደንበኞች በኤችአይቪ መያዛቸው ታውቆ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መርምሮታል። ብቻዎን ቢጠቀሙበትም፣ ሮለሩ ሲሽከረከር መርፌው አግድም ገብቶ አግድም ይወጣል፤ ቆዳውን ይቀድዳል እንጂ አይወጋም። ጫፉም ቶሎ ይታጠፋል። የሚያብጥ ብጉር ላይ ከሄደ ደግሞ ጀርሙን መላ ፊት ላይ ይዘራዋል።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ደረቱና ትከሻው ላይ ብጉሩ የነበረበት ቦታ እያበጠና እየጠነከረ ነው፤ ያሳክከዋል። ተቆርጦ ቢወጣለት ይሻላል የሚሉ አሉ። (ከደሴ)

መልስ፦ እናቴ፣ አያስቆርጡት። ያሉን ምልክቶች ኬሎይድን ይመስላሉ። ቆዳው ቁስሉን ለመድፈን የሚሠራውን ኮላጅን ማቆም ሲያቅተው እንዲህ ከድንበሩ አልፎ ያብጣል። ቢቆረጥ አዲስ ቁስል ነው፤ ብቻውን የተቆረጠ ኬሎይድ ከግማሽ በላይ በሆነው ጊዜ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከቀድሞው ገዝፎ። በጋለ ብረት መተኮስም እንደዚያው።

የመጀመሪያው ሕክምና ትራያምሲኖሎን የሚባል መድኃኒት በመርፌ ራሱ ጠባሳው ውስጥ መስጠት ነው፤ በአንድ ሚሊሊትር ከ10 እስከ 40 ሚሊግራም፣ እንደ ጥንካሬው፣ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ። ጠባሳው ድንጋይ ስለሚሆን መርፌው ያማል፤ ልጁ ከሁለተኛው ዙር በኋላ እንዳይቀር አስቀድመው ይንገሩት። መጀመሪያ የሚጠፋው ማሳከኩ ነው፣ መስመጡ በኋላ ይመጣል። መጠኑ ሲበዛ ወይም መርፌው ከጠባሳው ውጭ ሲፈስ ዙሪያው ሊነጣና ሊሰረጉድ ይችላል። በመርፌዎቹ መካከል የሲሊኮን ልጣፍ በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ለሁለት ሦስት ወር መለጠፍ ያግዛል፤ በየቀኑ ታጥቦ ይደገማል፣ ላብ ከሥሩ ሽፍታ ካወጣ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ። በበረዶ ጋዝ ማቀዝቀዝም አለ፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ግን ነጭ ምልክት ሊተው ስለሚችል ለትንንሾቹ ብቻ ይሁን።

ከጠባሳው እኩል የሚያስቸኩለው ብጉሩ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ብጉንጅ አዲስ ኬሎይድ ነውና የሚዋጥ መድኃኒት ሊያስፈልገው ይችላል። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለእናንተ ቅርብ ነው፣ የቆዳ ሕክምናም አለው። ልጁ ጆሮውን መበሳት ቢያምረው ይከልክሉት።

ጥያቄ፦ እዚህ የገዛሁት ሚክስ ክሬም በሳምንት ፊቴን አጠራው፣ ጠባሳውም ደበዘዘ። አሁን ግን ሁለት ቀን ካቋረጥኩ ፊቴ ይቀላል፣ ብጉሩ ይፈላል። (ከሪያድ)

መልስ፦ በሳምንት የሚያጠራ ነገር ብዙ ጊዜ ውስጡ ስቴሮይድ አለበት። ዕቃው ላይ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚል ጽሑፍ ፈልጊ። ስሙ ያልተጻፈበት፣ በማንኪያ ተለክቶ በባዶ ዕቃ የተሸጠልሽ ከሆነ ደግሞ ሜርኩሪም ሊኖርበት ይችላል፤ እሱ ኩላሊት ይጎዳል፣ ዛሬውኑ ይጣል። ስቴሮይዱ የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ ፊትሽ የጠራ መሰለሽ። ሲቋረጥ ሥሮቹ ተበርግደው ይከፈታሉ፣ ቆዳውም በዚያ መካከል ሳስቷል። ብዙዎች ያንን ሲያዩ ክሬሙ የጠቀማቸው መስሏቸው ይመለሱበታል፤ ወጥመዱ ይኸው ነው። ለወራት የቆየ ከሆነ ሐኪም ቀለል ወዳለ ስቴሮይድ አውርዶ በሳምንታት ውስጥ ያስወጣሽ። መቅላቱ ከሳምንታት እስከ ወራት ሊቀጥል ይችላል፤ እስኪያልፍ ለስላሳ ማጽጃ፣ ሽታ የሌለው ማለስለሻና የፀሐይ መከላከያ ብቻ ይበቃሻል። የሳሳው ቆዳ እስኪያገግም ፒሊንግም (ቆዳን በአሲድ መላጥ) ሌዘርም የለም።

ጥያቄ፦ ሮአኩታን (የሚዋጠውን የብጉር መድኃኒት) ጨርሻለሁ። ለጠባሳ ሕክምና ስድስት ወር ጠብቅ አሉኝ፤ እውነት ነው? (ከነታንያ)

መልስ፦ የቆየ ምክር ነው። ቆዳን በሙሉ ለሚገፍ ሌዘርና ለሜካኒካል መፋቅ አሁንም ይሠራል። ለማይክሮኒድሊንግ፣ ላይ ላዩን ለሚሠራ ፒሊንግና በነጥብ ለሚከፋፈል ሌዘር ግን ስድስት ወር መጠበቅ ግድ እንዳልሆነ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ስምምነት ገልጸዋል። ኬሎይድ የሚወጣብህ ከሆነ አስቀድመህ ተናገር።

ጥያቄ፦ አሁን ኅዳር መግቢያ ነው፣ ሠርጌ ጥር አጋማሽ ላይ። እስከዚያ ጉድጓዶቼን ማስተካከል እችላለሁ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ማስተካከል አይደርስም፤ ማለዘብ ግን ይደርሳል። ጠንካራ ሌዘርና ቲሲኤ አሁን አይነኩ፤ ከጠቆረብሽ እስከ ፋሲካም አይለቅሽም። ሳሊሲሊክ አሲድ ከ20 እስከ 30 በመቶ ፒሊንግ በየሦስት ሳምንቱ ሁለት ጊዜ ብታደርጊ ወለሉን ያለሰልሳል። አዳፓሊን የምትቀቢ ከሆነ ከፒሊንጉ አምስት ቀን በፊት አቁሚው። ወጠር ሲደረጉ የሚጠፉት ሰፋፊ ጉድጓዶች ሃያሉሮኒክ አሲድ በሚባል በመርፌ በሚሰጥ መሙያ ሊሞሉ ይችላሉ፤ እብጠቱና ብልዘቱ እንዲወርድ ቢያንስ ከሠርጉ አራት ሳምንት በፊት ይሠራ። ይህን የሚወጋሽ ሐኪም ይሁን፤ መሙያው ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ ዓይንንም ሊያጠፋ ይችላል። ወይባም እንፋሎትም ከፒሊንጉና ከመሙያው በኋላ ለሁለት ሳምንት ይቆዩሽ።

ሳምንቱ ሲደርስ አንድ ብጉንጅ ቢወጣብሽ አታፍርጪው። ሐኪም ትራያምሲኖሎንን አቅጥኖ፣ በሚሊሊትር 2.5 ሚሊግራም፣ ጠብታ ያህል ቢወጋው በሁለት ሦስት ቀን ይሟሽሻል፤ ስለዚህ በዋዜማው ሳይሆን ከአራት ቀን በፊት ሂጂ። ወፍራም ፋውንዴሽን ጉድጓዱ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ቀጭን ሆኖ የማያብረቀርቀውን ቀደም ብለሽ ሞክሪው። ለቪዲዮ ባለሙያውም ዋናውን መብራት ከጎን ሳይሆን ከፊት ለፊትሽ እንዲያቆመው ንገሪው፤ ከጎን የመጣ መብራት የእያንዳንዱን ጉድጓድ ጥላ ያወጣል።